መቶኛው ከነመነሻው ይነገረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መስከረም ላይ የተማሪዎች ምዝገባ ሲጠናቀቅም ሆነ በበጋው ማብቂያ ከሰሜን ተራሮች ወይም ከቋራ ቆላ የቃጠሎ ወሬ ሲሰማ፣ ለሕዝብ የሚነገረው አንድ መቶኛ ወይም አንድ የሄክታር ቁጥር ብቻ ነው። መቶኛው ከስንት ልጅ ላይ እንደተሰላ፣ የተቃጠለው ቦታ የትኛው እንደሆነና ከዚያ በፊት መቼ ተቃጥሎ እንደነበር አይነገርም። ጎንደር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ጡረተኛ እንደመሆኔ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰቡ የሕዝብ ብዛት፣ የተማሪ ምዝገባና የእሳት መረጃዎች ከነመነሻቸው፣ ማንም ዜጋ አግኝቶ ሊያሰላባቸው በሚችል መልክ እንዲወጡ ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስቱን አንድ ላይ ማንሳቴ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ የጎደላቸው ነገር ግን አንድ ስለሆነ ለየብቻ መጻፉን አልመረጥሁም።

ከሕዝብ ብዛት ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚካፈለው ለእርሱ ነውና። የጎንደር ከተማ ሕዝብ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ቆጠራ 112,249፣ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 207,044 ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ሲራዘም ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. በጸጥታ ምክንያት እንደገና ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል። ስለዚህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠቀሰው የሕዝብ ቁጥር ትንበያ ነው። ትንበያ በየትም አገር የሚሠራበት ነገር ነው፤ በምን የዕድገት መጠን እንደተሠራ ሳይገለጽ እንደ ቆጠራ ሲጠቀስ ግን አሳሳች ይሆናል።

ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ለማየት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ከተማው ከ1999 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት 18 ዓመታት በየዓመቱ በ2 በመቶ ቢያድግ ሕዝቡ 296 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በታየው ፍጥነት፣ ማለትም በ5 በመቶ ገደማ ቢያድግ ግን 498 ሺህ ይጠጋል። ለመማር የደረሱ ልጆች ድርሻ በሁለቱም ስሌት እኩል ነው ብንል፣ በአነስተኛው ትንበያ 95 በመቶ ሆኖ የሚነገረው የትምህርት ተሳትፎ በትልቁ ትንበያ 56 በመቶ ላይ ይወርዳል። የተመዘገበው ተማሪ ቁጥር በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ላዕሉን እየሰማን ታህቱን ሳናውቅ ከተማችን በትምህርት ወደፊት ሄደች ወይም ወደኋላ ቀረች ማለት አንችልም። የ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ውጤት ከትንበያው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ በተወካዮች ምክር ቤት ጭምር እንዳከራከረ የምናስታውስ ሰዎች፣ ይህ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

የአስተዳደር ወሰን መለወጡም ሌላ ችግር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰሜን ጎንደር የሚባለው ዞን 2,929,628 ሰው የነበረው አንድ ሰፊ ዞን ነበር፤ ዛሬ ያ ዞን ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ሦስት ሆኗል፤ አንዳንድ ወረዳዎችም ተከፍለዋል። የዛሬውን «ሰሜን ጎንደር» ከዚያ ዘመኑ ጋር በስሙ ብቻ የሚያነጻጽር ሰው የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ድንገት የጠፋ ይመስለዋል። የትኛው ቀበሌ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ቢወጣ ብዙ ድካም ይቀንስ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ መረጃው የሚጓዝበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ በጾታ፣ በዕድሜና በክፍል ደረጃ የተከፋፈለውን ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ክልል ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ሚኒስቴሩ ይሄዳል። በየደረጃው ይደመርና የታችኛው ዝርዝር እየተዋጠ ይቀራል። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሔት ትልቅ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የአዘዞ ወይም የማራኪ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት የሚያገኝበት አይደለም። በአሜሪካ የአንድ መንደር ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ በየትኛው ክፍል እንደመዘገበ ማንም ሰው ከመንግሥት የመረጃ ቋት አውርዶ ሊያይ ይችላል። የእኛ ትምህርት ቤቶች ቅጽ ከዚያ ያነሰ ጥያቄ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ቅጹ ተሞልቶ ከትምህርት ቤቱ ከወጣ በኋላ ግን ወላጁም ሆነ የወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረቱ መልሶ አያየውም።

ይህ የሚያስከትለውን በግልጽ ልናገር። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የመጻፍ ፈተና ሁልጊዜም አለ። ኢንስፔክተር በዓመት ስንት ጊዜ ሊደርስ ይችላል? በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወላጁ ሁሉ የሚያየው የክፍል ቁጥር ግን ራሱን በራሱ ያስተካክላል። በሰባተኛ «ለ» 72 ልጅ አለ ተብሎ ቢለጠፍ፣ ወንበሩ 40 መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ቤቱ ገብቶ ይናገራል።

በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነትም ከደባርቅና ከዳባት አካባቢ ብዙ ሰው ተፈናቅሎ ነበር። ከገጠር ወደ ጎንደር ከተማ የመጣ ልጅ እዚህ ሲመዘገብ የከተማው ጥቅል ተሳትፎ፣ ማለትም በማንኛውም ዕድሜ ያለ ተመዝጋቢ ሁሉ ለትምህርት ዕድሜ ለደረሱ ልጆች ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘው መቶኛ፣ ከፍ ይላል፤ የትውልድ ወረዳው ይወርዳል። ጥቅል ተሳትፎ ከ100 በመቶ በላይ ሲሆን የተለመደው ማብራሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ወይም ያልደረሰ ልጆች ተመዝግበዋል የሚል ነው። ማብራሪያው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ተፈናቃዮች በላዕሉ ገብተው በታህቱ ስላልተቆጠሩም ሊሆን ይችላል። በትክክለኛው ዕድሜ ያሉትን ተማሪዎች ብቻ የሚቆጥረው ንጥር ተሳትፎ፣ የዕድሜው ዝርዝርና ልጁ ከየት እንደተዛወረ የሚያሳየው ዓምድ አብረው ካልወጡ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለከተማው አዲስ የመማሪያ ክፍል ይሠራ ወይስ በወረዳው የፈረሰው ይጠገን የሚለው ውሳኔ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በአካባቢያችን ጥሩ መረጃ መሰብሰብ እንደሚቻል ማስረጃ አለን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል አቋቁሞ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ቤት ለቤት እየመዘገበ ቆይቷል። በአንጻሩ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለው አገር አቀፍ ጥናት ውጤቱ የሚያገለግለው በክልል ደረጃ ስለሆነ ስለ ጎንደር ለብቻዋ የሚነግረን የለም። የሚያስገርመው ደግሞ የ1976፣ የ1987ና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎቻችን ናሙና፣ ስም ተነቅሶለት፣ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው የመረጃ ቋት ውስጥ ለተመራማሪ ሁሉ በነፃ መቅረቡ ነው። የጎንደር ተማሪ የአያቶቹን ቆጠራ ከሚኒሶታ በቀላሉ እያገኘ የራሱን ክፍለ ከተማ ትንበያ ለማግኘት በየቢሮው ደብዳቤ ይዞ ይመላለሳል።

አሁን ወደ እሳቱ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሳው ቃጠሎ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎችን፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከማስመጣት አድርሶ ነበር። ሕዝቡ ቅጠል እየቆረጠ በእግሩ ገደል ወጥቶ ያጠፋው እሳት እንደነበርም አይዘነጋም። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 የተመዘገበና ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየ ፓርክ ነውና ድንጋጤው ተገቢ ነበር። ከድንጋጤው በኋላ ሊመጣ የሚገባው ጥያቄ ግን በቂ መልስ አላገኘም። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከሰፈሩና ግጦሹ ከቀነሰ ወዲህ ጓሳው ምን ያህል አደገ? ያልተጋጠ ጓሳ ሲደርቅ ማገዶ ነው፤ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦም ካረጀ በኋላ በቀላሉ ይነዳል። ያ ማገዶ በየትኛው ሸንተረር እንደተከማቸ የሚያሳይ ካርታ አላየሁም።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የታቀደ ቃጠሎ ነው፤ ማለትም የሣሩን እርጥበት፣ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የአየሩን ሙቀት ለክቶ፣ የእሳት መከላከያ መስመር ጠርጎ፣ በሠለጠነ ሰው ፊት የተወሰነ ቦታ ማቃጠል። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በተለያየ ወቅትና የጊዜ ልዩነት የሚቃጠሉ የሙከራ መደቦች አሉ። በአሜሪካ ካንሳስ በሚገኘው የኮንዛ የሣር ምድር አንዳንዱ ተፋሰስ በየዓመቱ፣ ሌላው በየ2፣ በየ4ና በየ20 ዓመቱ እንዲቃጠል እየተደረገ ሣሩ፣ ቁጥቋጦውና አፈሩ ይለካል፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ነው። በአገራችንም በባሌ ተራሮች የተደረገ ጥናት፣ እረኞች አስታውን በየተራ ሲያቃጥሉ ወጣቱ አስታ እሳት ስለማይሸከም የተቃጠለውና ያልተቃጠለው ቦታ እንደ ጥልፍ እየተሰባጠረ ትልቅ ቃጠሎ እንዳይስፋፋ ያደርግ እንደነበር አሳይቷል።

ከዚህ ተነስቼ ሰሜን ተራራ ላይ ክብሪት ይጫር ማለቴ አይደለም። የባሌው የአስታ ቁጥቋጦ ከሰሜኑ ጓሳ ይለያል፤ ዋሊያና ቀይ ቀበሮ ባሉበት ጠባብ ቦታ ላይ መሳሳት አይፈቀድም። የምለው፣ የታቀደ ቃጠሎ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት የትኛው ቦታ በየትኛው ዓመትና ወር እንደተቃጠለ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል ነው። የፓርኩ ስካውቶች ይህን ያውቃሉ፤ ሪፖርትም ይጽፋሉ። ሪፖርቱ ከፋይል ወጥቶ ቀኑ፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ የተቃጠለው ስፋት፣ የዕፅዋቱ ዓይነትና የታወቀ ከሆነ መንስኤው በአንድ ሰንጠረዥ ቢቀመጥ የጥናቱ ግማሽ ተሠራ ማለት ነው። መንስኤውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማቃጠል በሕግ ስለሚያስቀጣ ገበሬውም ማር ቆራጩም እሳት መለኮሱን ይደብቃል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ሪፖርት ላይ የምናነበው «በመጣራት ላይ ነው» የሚል ነው። ሳይቀጡ የሚጠይቁበት መንገድ ካልተገኘ ይህ ዓምድ ባዶውን ይቀራል።

ቆላው ከደጋው የባሰ ነው። በቋራ የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክና በመተማ የዕጣን ዛፍ ጫካዎች ውስጥ እሳት ከዓመት ዓመት ይመላለሳል፤ እሳትና ግጦሽ የዕጣን ዛፍ ችግኝ እንዳያድግ ከሚያደርጉት ምክንያቶች መካከል መሆናቸውም በጥናት ተረጋግጧል። ሣሩ ገና እርጥበት ሳለ በኅዳር አካባቢ የሚነሳ እሳት እየተቆራረጠ በዝግታ የሚሄድ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት የሚነሳው ግን ሁሉን ጠራርጎ ይሄዳል። የአልጣሽ እሳት ብዛት በኅዳር ነው ወይስ በመጋቢት? ይህን ለማወቅ ጠበንጃና ስንቅ ይዞ ጫካ መግባት አያስፈልግም፤ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ በሳተላይት የታዩ እሳቶችን ቀንና ቦታ በነፃ ያድላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለው መረጃ እስከ 375 ሜትር ይለያል። ሳተላይቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍና ደመና ስለሚጋርደው ትንንሹ እሳት ያመልጠዋል፤ የሰሊጥ ማሳ ቃጠሎን ከጫካ ቃጠሎም በራሱ አይለይም። ያን የሚለየው የወረዳው ባለሙያ መዝገብ ነው፤ እርሱ ነው እንግዲህ የተቆለፈበት።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው መከራከሪያ ጸጥታ ነው፤ ክብደቱንም አልንቅም። በዚህ ጊዜ ተፈናቃዮች በየትኛው ቀበሌ እንዳሉ ወይም በአንድ መንደር ስንት ወጣት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር በክፉ እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የተፈናቃዮች ቁጥር በወረዳ ደረጃ ብቻ ይውጣ፤ በአንድ የሰንጠረዥ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ልጆች ብቻ ካሉ ቁጥሩ ይሸፈን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይከበር። ነገር ግን ያምና የተማሪ ድምርና የካቻምናው ቃጠሎ የማንንም ቤት አያጋልጡም። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለጠያቂ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ እምቢታም ቢሆን ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል።

የሚመለከታቸውን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። የከተማውና የዞኖቹ ትምህርት መምሪያዎች የየትምህርት ቤቱን ምዝገባ በኤክሴል ያውጡ፤ የተቃኘ ወረቀት በፒዲኤፍ መልቀቅ ለማስላት አይጠቅምም። መቶኛ ሲነገር በየትኛው ትንበያ እንደተሰላ በአንድ መስመር ይጻፍበት። ፓርኮቹ የእሳት መዝገባቸውን ለዩኒቨርሲቲው ይስጡ፤ የጂኦግራፊና የደን ተማሪዎች ከሳተላይቱ መረጃ ጋር ያመሳክሩት፤ ውጤቱም ለደባርቅና ለቋራ ወረዳዎች መጪው በጋ ሳይገባ ይመለስላቸው። የእሳት መከላከያ መስመር የት ይጠረግ የሚለው የሚወሰነው በኅዳር ስለሆነ፣ በሚያዝያ የሚደርስ ካርታ ለዚያ ዓመት አይረዳም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር
ማራኪ፣ ጎንደር