እምቦጩን አድርቂልኝ

ውድ እህቴና ወዳጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እናትሽስ በረቱልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት ነጎዱ፤ ዝምታው የሁለታችንም ስለነበር ማን ቀድሞ እንደጀመረው አንቆጣጠርም። ባሕር ዳር ከገባሽ ወዲህ ወሬሽን የምሰማው ከሰው አፍ ነበር። ባለፈው ሰሞን ከእናንተ ዘንድ የመጣ አንድ ወዳጃችን ማስተማሩን እንዳልተውሽና ተማሪዎችሽን ከሐይቁ ዳር በሚገኝ ነገር የእጅ ሥራ ልታለማምጂ እንዳሰብሽ ሲነግረኝ ግን ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም፤ ያሰብሽው ነገር እኔም የተያዝኩበት ነውና።

አንቺ ስታውቂኝ ከውጭ የሚመጣ የዘይት ቀለም ካላገኘሁ ሥዕል የለም የምል ነበርኩ። አሁን በሥራ ክፍሌ ያለው አክርማና ስንደዶ የተባሉት የስፌት ሣሮች፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተፈታ ክርና ታጥቦ የተሰጣ ፌስታል ነው። እየሰፋሁ ትልልቅ የግድግዳ ሥራዎችን እሠራለሁ። የሚጎበኙኝ ሰዎች «የአካባቢ ጥበቃ ጥበብ» ይሉታል፤ ስሙን አልጠላውም፤ ነገር ግን አንድ ሥራ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ደን ስለተናገረ ብቻ ይህ ስም የሚገባው አይመስለኝም። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣና ሥራው ከግድግዳ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። በቅርቡ በአንድ አውደ ርዕይ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ የተሠራ ዛፍ አየሁ። ከሥሩ ስለ ምድር መቆሸሽ የሚናገር ረጅም ጽሑፍ ተለጥፏል። ጠጋ ብዬ ሳየው ጠርሙሶቹ ውሃ ተይዞባቸው የማያውቁ፣ ለሥራው ተብለው የተገዙ አዳዲሶች ናቸው፤ በትኩስ ሙጫ ተጣብቀዋል፣ በሚረጭ ቀለምም አረንጓዴ ተደርገዋል። አውደ ርዕዩ ሲዘጋ እነዚያን ጠርሙሶች ቆራሌው እንኳ አይነካቸውም፤ ሙጫና ቀለም የገባበት ፕላስቲክ መልሶ ለማቅለጥ አይሆንምና። እንግዲህ ያ ዛፍ ስለ ቆሻሻ እየተናገረ ራሱ አዲስ ቆሻሻ አመረተ ማለት ነው። ሠሪው ልጅ እጁ የተባረከ ስለሆነ ይበልጥ ቆጨኝ።

ሌላም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ባለቤት የሌለው ቆሻሻ ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይወርዳል፤ እዚያም የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ከማለዳ እስከ ማታ መዶሻ የማያርፍበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ስለ ዕቃ ዳግም ሕይወት የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ የሥነ ጥበብ መምህር አላጋጠመኝም። ታዲያ እኔ ለሥራዬ ብዬ ንጹሕ የመዳብ ሽቦ ወይም ደህና ቆርቆሮ ብገዛ ቆሻሻ አነሣሁ ሊባልልኝ አይገባም፤ ከአንድ ባለሙያ ጥሬ ዕቃ ላይ ተሻማሁ እንጂ። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ የምወስደው ቆራሌው የናቀውን ብቻ ነው። እርሱ የሚንቀው ደግሞ ፌስታል፣ የብስኩትና የቺፕስ መጠቅለያ እንዲሁም የተበጣጠሰ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ወር የአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰው ካለቀ ወዲህ ደግሞ፣ ስለ ቆሻሻ ክምር የምንሠራ ሰዎች ክምሩን እንደ ጌጥ ብቻ ማየት አንችልም፤ ከሥሩና ከላዩ ሰው ይኖር ነበርና።

ፌስታልን በተመለከተ ሕግም ወጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ተደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጽድቋል። አንድ ቀን ጥሬ ዕቃዬ በሕግ ይጠፋብኛል ማለት ነው። ይጥፋ! ያን ጊዜ ወደ ሣሩ ብቻ እመለሳለሁ።

መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ሳታዪው አዲስ አበባን ለቅቀሻል። መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ያቋቋሙት ሲሆን በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ቤቶቹ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው፤ አያቶቻችን እንደሚያደርጉት ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦና ከርሞ ከተመረገ በኋላ ላዩ ላይ ሐረግ የመሰለ ቅርጽ ወጥቶበታል። ግድግዳውን በመዳፌ ስዳብሰው የጭዱ ጫፍ ይቆረቁረኛል፤ አንድ ቀን ቢፈርስ ያው ተመልሶ አፈር ነው። ኤልያስ በሥዕል ሥራው ደግሞ ከመርካቶ የተገዙ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችንና ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየጎነጎነና እየሰደረ በእንጨት ገበታ ላይ ያቆማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራው ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የጣሊያን ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ አውደ ርዕይ ላይ ቀርቧል። እኔን የሚገርመኝ ግን ክብሩ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው፤ እያንዳንዷ ሽቦ በእጅ ታጥፋለች። ናይጄሪያ፣ ንሱካ የኖረው ጋናዊው ኤል አናትሱይም የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን እየጠፈጠፈ በመዳብ ሽቦ ያያይዛቸዋል፤ ከዚያም ሥራው እንደ ኩታ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ በተሰቀለበት ቦታ ሁሉ ሌላ መልክ ያወጣል።

የእናቶቻችንም ስፌት ከዚህ አይርቅም። ሙጫ የለበትም፤ የሣር እስርና መጠምጠሚያ፣ ወስፌና ትዕግሥት ብቻ ነው። ስፌት የያዘውን ነገር መተርተር ይቻላል፤ ሙጫ የያዘውን ግን መቅደድ እንጂ መለየት አይቻልም። ሣርና ፕላስቲክ በሙጫ ከተዋሐዱ ሣሩ ወደ አፈር አይመለስም፣ ፕላስቲኩም ወደ ማቅለጫ አይገባም። በስፌት ከተያያዙ ግን የፈለገ ሰው ክሩን ተርትሮ እያንዳንዱን ወደ ቦታው ይልከዋል። ተማሪዎችሽን ከሁሉ በፊት ይህን ብታስተምሪልኝ ደስ ይለኛል።

አሠራሬን በአጭሩ ልንገርሽ። ፌስታሉን አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ ጠፍጣፋ አድርጌ እዘረጋለሁ፤ እጀታውንና የታችኛውን ስፌት እቆርጣለሁ። የቀረውን ወደ ጎን ጎን ስቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ክብ ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሳልፌ ሳጠብቀው፣ ያን ከሌላ ጋር ሳያይዘው፣ ያለ ምንም ማጣበቂያ የፈለግሁትን ያህል የረዘመ ፈትል አገኛለሁ፤ ከዚያ አከርረዋለሁ። ይህ ፈትል የእስሩን ውስጥ ይሞላል፤ ላዩን በውሃ ነክሬ ያለሰለስኩት ሣር ይጠመጠምበታል። ወስፌው ፕላስቲኩን ሲወጋ ሲጥ የሚል ድምፅ አለው፤ ሣሩን ሲወጋ ግን አይሰማም። እንዲህ ያለው ሥራ ውጭ እንዳይሰቀል ግን ተጠንቀቂ። ፌስታል ፀሐይ ሲበላው ይደርቅና ይሰባበራል፣ ብናኙም በነፋስ ይበተናል፤ በየአደባባዩ የፕላስቲክ ሐውልት ሲያቆሙ የማልደሰተው ለዚህ ነው።

በቀለም ረገድ ገና እየታገልኩ ነው። ለአለላው፣ ማለትም ቀለም ለሚነከረው የስፌት ሣር፣ የምጠቀመው የገበያ ቀለም ነው፤ እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፣ ነገር ግን ብርሃን ካየ ቶሎ ይደበዝዛል። እንሶስላ ይሻል ይሆን? እናትሽ የሚያውቁት ዘዴ ካለ ጠይቂልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ተማሪዎችሽን በደንገል ልታሠሪያቸው እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። ደንገል ውብ መሆኑን አውቃለሁ፤ የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸውን የሚሠሩበት፣ ዓሣም የሚራባበት ተክል ነው። ነገር ግን በእርሻ መስፋፋትና በመጨድ ብዛት ዳርቻው እየተራቆተ ነው፤ ለትምህርት ቤት ልምምድ ባይታጨድ እመርጣለሁ። በእርሱ ፈንታ እምቦጩን ብትይዙስ? ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ጀምሮ ገበሬው በዘመቻ እየነቀለ ዳር ላይ ሲከምረው ኖሯል፤ ቢያልቅም የሚያዝን የለም። በኬንያ፣ በኪሱሙ አካባቢ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውን አገዳ አድርቀው ቅርጫትና ወንበር ይጎነጉኑበታል።

ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። እምቦጭ ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ትልቅ ሸክም ደርቆ አንድ እቅፍ ቢወጣው ነው፤ ልጆቹ ይህን አስቀድመው ካላወቁ ይከፋቸዋል። ሥሩና አበባው እዚያው ዳር ላይ ተቆርጠው ይቅሩ፤ ዘሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከአንዲት ቁራጭም ያቆጠቁጣልና ሌላ ውሃ ዘንድ እንዳይደርስ። የሚፈለገው ረጅሙ አገዳ ብቻ ነው። እርሱም በበጋ፣ በፀሐይ፣ እየተገላበጠ ካልደረቀ ይሻግታል። ዋናው ወረራ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ስለሆነ ከከተማው አጠገብ በቂ ላታገኚ ትችያለሽ። ወደ ፎገራ ዘመዶች እንዳሉሽ ትዝ ይለኛል፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ፣ እነርሱን አስቸግሪያቸው።

ከጥምቀት በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ለዚህ ይመቻል። አንድ እቅፍ የደረቀ አገዳ በሚመጣ ሰው እጅ ብትልኪልኝ፣ ከአክርማው ጋር እንዴት እንደሚስማማ ሞክሬ ናሙናውን ከነወስፌው እመልስልሻለሁ። አጭርና ረጅሙን ለይተሽ እሰሪልኝ፤ ከየትኛው ዳርቻ እንደተነቀለም በወረቀት ጽፈሽ እላዩ ላይ እሰሪበት። ተማሪዎችሽ ስንት እንደሆኑና ወስፌ እንዳላቸውም አሳውቂኝ፤ ከሌላቸው ከዚህ እገዛላቸዋለሁ።

የዘወትር እህትሽ
አዲስ አበባ