ከክለቡ ደብዳቤ አምጣ ላሉኝ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ድሬ ላይ የቀረበንን ሰው ሁሉ “አንተ” ነው የምንለው። እርስዎን ግን “እርስዎ” ልበልዎት። የቢሮዎን ስም አልጠራም። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ስላስገባሁ ራስዎን ያውቃሉ።

አባቴ በወጣትነቱ ለጥጥ ማኅበር፣ ለድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካው የእግር ኳስ ክለብ፣ ተጫውቷል። ተጠባባቂ ነበር፤ አላጋንንም። ጠዋት ፋብሪካ፣ ከሰዓት ሜዳ። አሁን ሰማንያን አልፏል፣ ጉልበቱም እምቢ ብሎታል። የጠየቅኩት ብር አይደለም። “የቀድሞ ተጫዋች ነው” የምትል አንዲት ወረቀት ናት፣ ግድግዳው ላይ ልሰቅልለት።

“ከክለቡ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘህ ና” አሉኝ።

ከየትኛው ክለብ? ክለቡ እኮ ከፈረሰ ቆየ። ጽሕፈት ቤቱን ያሳዩኝ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።

ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ክለቡን ማወቅዎን ግን እጠራጠራለሁ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ ለጥጥ የተጫወተ ሰው ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ደግሞ ጥጥ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ሆኖ አክራ ገባ። በ1957 ዓ.ም. በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ፍጻሜው አመለጠው። የፋብሪካ ቡድን እኮ ነው! አባቴ ያን ጊዜ እዚሁ ቀረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨው እሱ ነው።

ደብዳቤ ማምጣት ሲያቅተኝ “እንግዲያው ፎቶ አምጣ፣ ኮፒ አይሆንም” ተባልኩ። ያለችው አንዲት ፎቶ ነበረች። አባቴ ሲሰጠኝ እጁ ተንቀጥቅጧል። አስገባኋት። በወሩ ስመለስ ፋይሉ የለም። ሁለት ቀን ተፈልጎ ማመልከቻዬ “የንግድ ማኅበራት” ከሚል ክላሰር ውስጥ ተገኘ። “ጥጥ ማኅበር” የሚለውን ያነበበው ሰው የጥጥ ነጋዴ መስሎት ነው አሉ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ፎቶዋ አብራው እንደሌለች ሳይ ሳቄ ጠፋ።

“ይፈለጋል” ተባልኩ። አምስት ወር ሆነው።

አባቴ በየሳምንቱ “ወረቀቷስ?” አይለኝም። “ፎቶዬስ?” ነው የሚለኝ። እስካሁን “ቢሮ ነች” እያልኩ አታልለዋለሁ። ውሸትም አይደል፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ ናት።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ወረቀቱን ይተዉት። ፎቶውን ይመልሱልን። ከቆሙት ውስጥ ከግራ ሦስተኛው እሱ ነው። ጀርባው ላይ ስሙ በእርሳስ ተጽፏል። እስቲ ደግሞ የንግድ ማኅበራቱን ክላሰር አንዴ ያራግፉት።

የተጠባባቂው ልጅ፣
ከሳቢያን