የእጅ ሥራና ጥገና ክበብ፦ ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ጋር የከረምንበት ዓመት

አንዳንድ ባልደረቦቼ ክበባችንን «የሴራሚክ ክበብ» ማለት ጀምረዋል። ይበሉ፣ ቅር አይለንም። እውነትም አብዛኛውን ዓመት ስንታገል የከረምነው ከአንድ ግድግዳ ጋር ነው። «ለአንድ ግድግዳ ይሄ ሁሉ ጊዜ?» ለሚል ሰው ግን መልስ አለኝ።

የትምህርት ቤታችንን ሻይ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 6 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ኮንቴነር ነው። ውጩ ላሜራ፣ ውስጡ በሞራሌ ላይ የተመታ ስስ ኮምፔርሳቶ። ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ የዘይቱንም የእንፋሎቱንም መከራ ሲቀበል ኖሯል። ከኛ በፊት ተከፍሎት የመጣ ባለሙያ በተራ ሲሚንቶ ሴራሚክ ለጥፎበት ሄደ። ክረምቱን እንኳ አልተሻገረም። አንድ ጠዋት ግማሹ ተነቅሎ ማንቆርቆሪያው ላይ ወረደ። ሻይ የሚያፈሉልን እናታችን «ሰው ላይ ሳይወርድ እግዜር አተረፈን» ብለው የቀረውን በመጥረጊያ እንጨት ራሳቸው አራገፉት። ሥራው ወደ ክበባችን የመጣው እንዲህ ነው።

ስብሰባዎቻችን ረቡዕ ረቡዕ ነበሩ። ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። አመራር ተመረጠ፣ መዋጮ ተሰበሰበ፣ የተሰበሩ ዴስኮች ተጠገኑ። ስለዚህ ብዙ አልልም።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ኮምፔርሳቶው ክብደቱን ይችላል ወይ?» የሚል ነበር። አንዱን ሴራሚክ ቤተ ሙከራ ወስደን መዘንነው። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 750 ግራም ገደማ ሆነ። ለምድጃው ጀርባ 24 ያስፈልጋሉ። በድምሩ 18 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ማጣበቂያውን ሳይጨምር። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ካራቫን ስለሚባለው፣ በመኪና ስለሚጎተት ቤት ስልኩ ላይ አይቶ መጣ። የካራቫን ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከውስጥ ስስ እንጨት፣ መሃሉ ፎም፣ ከውጭ አሉሚኒየም። መንገድ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የሚጭነውም ክብደት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሴራሚኩን ትተው ቀላል ልጥፍ ይመርጣሉ። «የኛ ኮንቴነር የትም አይሄድም፣ ክብደት ችግር የለውም» አለ አንዱ። «በሩ በተዘጋ ቁጥር ግን ይንቀጠቀጣል» አለች ሌላዋ። ክርክሩ የዚያን ቀን አላለቀም።

የዓመቱ ትልቁ ነገር የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው። ለጉብኝት ፋሲል ግቢ ሄድን። በእግራችን ነው የሄድነው፤ ለመኪና የሚሆን በጀት እንደሌለን የታወቀ ነው። የጎንደር ልጅ ግቢውን በጥምቀትም በሠርግም ያውቀዋል። ግድግዳውን ጠጋ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። አስጎብኚው ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ መሆኑን አሳየን። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዳንዱ ቦታ በሲሚንቶና በአርማታ መጠገኑን፣ ያ ጥገና ለሕንጻው እንዳልተስማማውና በኋላ ወደ ኖራ መመለስ እንዳስፈለገም ነገረን።

ከክበባችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለች። ዓመቱን ሙሉ መዶሻ ስታቀብል እንጂ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እጇን አወጣች። «ሲሚንቶ ከኖራ ይጠነክር የለ? ታዲያ ለምን ጎዳው?» አለች። አስጎብኚው ፈገግ አለ። «ስለጠነከረ ነዋ» አላት። ኖራ ከግድግዳው ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበቱንም ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል፣ ውሃውንም አፍኖ ያስቀራል። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ የሻይ ቤታችን ሴራሚክም የወደቀው ለዚህ ነዋ!»

እውነቴን ነው፣ እንባ ተናነቀኝ። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ሒሳቡን ራሷ ሰሌዳ ላይ ሠራችው። 6 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል። የጎንደርን የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ሰው ላሜራው ስንቴ እንደሚለጠጥና እንደሚሸበሸብ ይገባዋል። ሴራሚኩ እንደ ላሜራው አይለጠጥ፤ ስለዚህ መሃላቸው ያለው ነገር ነው መላላት ያለበት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ያረጀውን ኮምፔርሳቶ አንስተን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አስገባን። ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም ቀለም ቀባነው፣ እንፋሎት እንዳያሳብጠው። ብሎኖቹ ሞራሌው ላይ አረፉ፤ ላሜራውን በስተው እንዳይወጡ አጠር ያሉ መረጥን፣ አለበለዚያ ዝናብ ይገባል። ማጣበቂያው እንደ ጎማ የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ዓይነት ነው፤ ጥርስ ባለው ካዞላ ተዘረጋ። ከታች ቀጥ ያለ ጣውላ በውሃ ልክ መታን፣ የመጀመሪያው ረድፍ እንዳይንሸራተት። በሴራሚኮቹ መሃል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተውን። ክፍተቱን የሚሞላው ቦያካ የገባው በማግስቱ ነው። ዙሪያውን ጠርዙን ግን ቦያካ አልነካነውም፤ ሲሊኮን ሞላንበት። ቡታጋዙም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ይኸው እስከ አሁን አንድም አልተነቀለም። መጥቶ በጣቱ ማንኳኳት የሚፈልግ ይችላል፤ ባዶ ድምፅ ካገኘ ይንገረን።

ያልሆነልንም አለ። ከቅዳሜ ገበያ የገዛነው አንድ ከረጢት ማጣበቂያ በእርጥበት ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጩ አልመልስም አለ። መብራት ጠፍቶ ሥራ የፈታንባቸው ቀናት ነበሩ። ከፈተና በፊት ግማሹ አባል ቀረ፣ በዚህ አልወቅሳቸውም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የእግር ኳስ ክበቡ አዲስ ማሊያ ሲያገኝ አጨብጭበናል። እኛ በድሪል የምንሠራው ከጎረቤት ጋራዥ ተውሰን ነው፣ እሱም በምሳ ሰዓት ብቻ። ለሚቀጥለው ዓመት ያቀድነው የሴቶች መጸዳጃ ቤቱን የእጅ መታጠቢያ ግድግዳ ነው፤ እሱም ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፣ እሱም ውሃ ይጠጣል። የሚያስፈልገን አንድ ድሪል፣ አንድ የሴራሚክ መቁረጫና ማጣበቂያ ነው። ቤቱ የተረፈ ሴራሚክ ያለው ወላጅም ቢሆን አይጣለው፤ ቀለሙ ባይመሳሰልም እንቀበላለን። ለጥበቃ ክፍሉ አስረክቡልን፣ ልጆቹ ተሸክመው ይወስዱታል።