የሰላም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሁለት ጾም በአንድ ማዕድ

ዘንድሮ የሰላም ክበባችን አባላት በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰቡ ስለ እምነት ተወያይተዋል። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ሰግተው ነበር፤ ስጋታቸውም አግባብ ነበረው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛልና በክበባችን ጸሎትም ስብከትም አልተደረገም። ተማሪዎቹ ያወጡት ደንብ፣ ማንም ስለ ራሱ እምነት እንጂ ስለ ሌላው እምነት እንዳይናገር፣ ስለ ሌላው ግን የፈለገውን እንዲጠይቅ የሚል ነው። ከዚህ የተሻለ የክበብ ደንብ አላውቅም።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በመተዋወቅ አለፈ። ጅሬን ወጥተን የጅማውን ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘን።

ውይይቱ ሥር የሰደደው በየካቲት ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገቡ፤ ረመዳን ሙሉ በሙሉ በሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ለምን እንደሚጾሙ እያንዳንዱ ከራሱ መጽሐፍ እንዲያመጣ ተስማሙ። ሙስሊሞቹ ከሱረቱል በቀራህ ጾም ከእነርሱ በፊት በነበሩትም ላይ መደንገጉን፣ ዓላማውም አላህን መፍራት መሆኑን፣ መጾም የሚከብደው ሰው ድሃ እንደሚያበላ አነበቡ። ክርስቲያኖቹ ኢሳይያስ 58ን ይዘው መጡ፤ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ተማሪ፣ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ የክፍል ጓደኞቻችንስ ብሎ ጠየቀ። እስከ ጾሙ ፍቺ ድረስ አባላቱ ለእረፍት ሰዓት የሚያወጡትን ገንዘብ አሰባስበው ለእነዚሁ ተማሪዎች ቁርስ አውለዋል። የማንንም ስም እንዳይጠራ የጠበቁበት ጥንቃቄ እጅግ አኩርቶኛል።

በመጋቢት አንድ ረቡዕ የአንዲት አባላችን እናት ለኢፍጣር ቤታቸው ጠሩን። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዒድም በፋሲካም እንግዳ ሲጠራ ማዕዱ ይለያል። በጾም ግን ሥጋው ሲቀር የሚለየን ነገር አብሮ ቀረ። እናት የአጃ ሾርባውን ያለ ሥጋ፣ ሳምቡሳውን በምስር ሠርተው ጠበቁን። የሁዳዴ ጾመኞቹ የሚፈቱበት ዘጠኝ ሰዓት ቢያልፍም ጓደኞቻቸውን ጠብቀው አዛን ሲሰማ አብረው ቴምር አነሡ። በቤተ ክርስቲያኗ እንዲህ ያለ የተወሰነ ወቅት እንደሌለ የነገረችን የፕሮቴስታንት አማኝ ተማሪም በራሷ ፈቃድ ጾማ ውላ ነበር።

በማግስቱ አንዱ ሃይማኖታችን ለካ አንድ ነው ሲል ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ለክርስቲያኑ ኢየሱስ ጌታ፣ ለሙስሊሙ ነቢይ ነው፤ ይህን ሳይሸፋፍኑ ተነጋገሩ፣ ሳይቀያየሙም ወጡ። እኔም ከተቃወሙት ጋር ነኝ። አንዱ የሌላውን ጾም ያከበረው የራሱን አጥብቆ ስለያዘ ይመስለኛል።

በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል። አባላቱ የቁርሱን መዋጮ ከጾሙ ወራት አውጥተው ዓመቱን ሙሉ ለማድረግ ወስነዋል። አዲስ አባላት በመስከረም ይመዘገባሉ፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን በተለይ እንጠብቃለን።