ለልብስ ሰፊ ቡድናችን አባላት፦ የቅዳሜ ጉብኝት

ለቴአትራችን የምንሰፋውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደሮች ደንብ ልብስ ከእውነተኛው ጋር ለማመሳከር ቅዳሜ በለንደን ሰዓት ከጠዋቱ 10:30 ሄንደን በሚገኘው የአየር ኃይሉ ሙዚየም በር ላይ እንገናኝ። መግቢያው ነፃ ነው።

ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና የገዛችኋቸውን አዝራሮች ያዙ። አዝራሮቹን አደራ! የጦርነቱ ዘመን አዝራር የንጉሡ ዘውድ አለበት፤ አናቱ ድቡልቡል ነው። መሃሉ ሰርጎድ ያለው ከ1952 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የነገሡት የንግሥቲቱ ስለሆነ አይሆነንም። በትከሻ ግርጌ በሁለቱም እጅጌ ላይ የሚሰፋው ንስርም ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አለበት።

ጨርቁንም እንወስን። እኔ ሰማያዊ ግራጫው ወፍራም ሱፍ ይገዛ ባይ ነኝ፤ ፖሊስተር መድረክ ላይ ያብለጨልጫል።

የምትመጡና በጨርቁ ላይ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልኝ።