አስታማሚዋ ራሷ ታማሚ ስትሆን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጥቅምት በመጣ ቁጥር ስለ ጡት ካንሰር ብዙ ይጻፋል፤ ጡትን ስለ መዳበስ፣ ቶሎ ስለ መመርመር። መልካም ነው። እኛ በካንሰር ሕክምና ክፍል የምንሠራ ነርሶች ግን ማንሳት የምንፈልገው ሌላ ቤት አለ፤ ሚስት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ላይ ያለ ባሏን የምታስታምምበትን ቤት።

በእንዲህ ዓይነቱ ቤት መጀመሪያ የሚሰረዘው የእሷ ቀጠሮ ነው። ባልየው እጥበት ቢያመልጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቤተሰቡም ይደነግጣል። የእሷ ኬሞ ሲቀር ግን ዓይን የሚያየው ነገር የለም። እንዲያውም ማቅለሽለሹ ስለቀረላት የተሻላት ትመስላለች። ዕጢው ያገኘው ፋታ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ገንዘቡም የሚታየውን ሕመም ይከተላል፤ የእሱ እጥበት ሲከፈል የእሷ የደም ምርመራ «ለሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል። ያለ ደም ምርመራ ደግሞ ኬሞ አይሰጥም።

ስለዚህ የሁለቱም ቀጠሮ አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ። እጥበት በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ነው። ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣሉ። እጥበቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ኬሞዋ ሐሙስ እንዲሆንላት ትጠይቅ፤ ከባዱ ድካም ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውልላታል። የማግሥቱን የዓርብ እጥበት ግን ሌላ ሰው ይዞት ይሂድ። ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ኢንፌክሽን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎቿ የሚያንሱበት ጊዜ ስለሆነ፣ በእነዚያ ቀናት በሰው በተጨናነቀ የእጥበት ማዕከል ወረፋ መጠበቅ የለባትም።

በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከያዛት ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «እሱን ለማን ትቼ» ብለው ፓራሲታሞል ውጠው ሌሊቱን ያሳልፋሉ። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን አይቆምም፤ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ቤት ይኑር፣ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ይለካ። የቤቱን ቁልፍ የያዘና ሌሊት ስልክ የሚያነሳ አንድ ጎረቤትም ከወዲሁ ይመረጥ። በር አጠገብ ደግሞ ሁለት ወረቀት ይለጠፍ፤ የእያንዳንዳቸው በሽታ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመጨረሻው ኬሞና የመጨረሻው እጥበት የተሰጠበት ቀን የተጻፈበት።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከብብቷ ንፍፊቶች ከወጡ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያ በኩል ባለው እጇ ከ2 ኪሎ የበለጠ ባታነሳ ይመረጣል። ባልየውም ለእጥበት የደም ሥር የተሠራበት፣ ፊስቱላ ያለበት እጅ አለው፤ ያ እጅ አይጎተትም፣ አይጫንም፣ የደም ግፊት አይለካበትም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲነሱ ሁለቱም ይጎዳሉ። የሚሻለው መደገፊያ ክንድ ያለው፣ ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ ራሱ በእግሩ ገፍቶ ይነሳ፣ እሷ በደህናው እጇ ወገቡ ላይ የታሰረ ሰፊ ቀበቶ ይዛ ሚዛኑን ብቻ ትጠብቅለት። ከእጥበት መልስ የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ይነሳ። ከወደቀ ብቻዋን አታንሳው።

ማዕድ ቤት ውስጥ የሁለቱ ፍላጎት ይጋጫል። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን እንዳያቆስል እሷ በኬሞው ቀንና በማግሥቱ ከ2 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋታል፣ ሐኪሟ ካልከለከላት በቀር። ለእሱ የሚፈቀደው ግን ብዙ ጊዜ በቀን ከሚሸናው መጠን ላይ ግማሽ ሊትር ብቻ ተጨምሮ ነው፤ ሻዩም ቡናውም ሾርባውም ይቆጠራል። የእሱን የቀን ፈሳሽ በየጠዋቱ በተለየ ጠርሙስ መለካት ክርክሩን ያስቀራል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶና ቲማቲም ፖታሲየማቸው ስለሚበዛ ለልቡ አደገኛ ናቸው። ድንች ካማረው ተልጦ፣ በትንንሹ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው «ወጡ ላይ ጨው አልጨመርኩም» ማለት አይበቃም፤ ያለ ጨው ይፈጭ። እሷ ደግሞ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አትቅመስ። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ስለሚያስጠላት ወጡ ከኬሞው በፊት ባሉት ቀናት ተሠርቶ ይቀመጥ።

ከኬሞ በኋላ ለ48 ሰዓት ሽንቷና ትውከቷ ውስጥ መድኃኒት አለ፤ የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፣ የተነካ ልብስ ለብቻ ይታጠብ። ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ከዶክሶሩቢሲን ነው። ቀለሙ ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ወይም ስትሸና ካቃጠላት ግን ለሐኪም ይነገር።

«ኩላሊቴን ልስጠው» የሚል ጥያቄም ይመጣል። በካንሰር ሕክምና ላይ ያለች ሴት ኩላሊት መስጠት አትችልም፤ ይህ ቀድሞ ቢነገራት ከብዙ ጭንቀት ያድናታል።

ጎረቤትና እድር በተለምዶ የሚደርሱት ለሐዘን ነው። «ካስፈለገሽ ንገሪኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀን ያልተቆረጠለት እርዳታ ሳይደርስ ይቀራል። «ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ እጥበት ውሰዱልኝ» ብሎ ለእድሩ ዳኛ መንገር ይቻላል፤ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ልመና አለን። ካርድ ሲወጣ «አስታማሚዎ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። «እርስዎስ ቤት የሚያስታምሙት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ይጨመርበት፣ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ። አለ ካለች፣ የኬሞ ቀኗ ከመቆረጡ በፊት የባሏን የእጥበት ቀናት እንጠይቃት።

ከአክብሮት ጋር
የካንሰር ሕክምና ነርሶች፣ ከአዲስ አበባ