ለነርስ ቁጥር ሁለት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

እሑድ ስትደውይ ዝም አልኩሽ። ተናዶብኝ ነው እንዳትዪ። በስልክ ወሬ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ መልሱ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። አሁን የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ። ፓርኪንጉ ጭር ብሏል፤ የሚገባም የሚወጣም መኪና የለም። «አባ፣ ሁለት መስመር ብቻ ናት። ስም እንኳ የላትም። ስክሪፕቱ ላይ ነርስ ቁጥር ሁለት ነው የሚላት» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ያን ሁሉ ኦዲሽን ተመላልሰሽ፣ አትላንታ ድረስ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ሄደሽ፣ ነርስ ቁጥር ሁለት።

እስቲ ስለ አንድ ሰውዬ ላጫውትሽ።

በፋሲካ ሰሞን ቴሌቪዥን የሚያሳየውን «ዐሥርቱ ትእዛዛት»ን ታስታውሻለሽ? እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣውን፣ ቻርልተን ሄስተን ሙሴን የሆነበትን። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሆነ አንቺ ሁልጊዜ ባሕሩ ሳይከፈል ነበር እንቅልፍ የሚወስድሽ። መጀመሪያው አካባቢ ሙሴ ገና የግብፅ ልዑል ሳለ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ይመለሳል። አንድ ረጅም ጥቁር ንጉሥ ከእህቱ ጋር አብሮት ይገባል። ራምሴስ ይንበርከኩ ሲል ሙሴ እንደ ወዳጅ ነው ያመጣኋቸው ይላል። የምትናገረው እህቱ ናት። የንጉሡ ሥራ መቆም ነው። ግን አቋቋም ነው! እናትሽ ቡናዋን አስቀምጣ «ይሄ ሰውዬ የኛ አገር ሰው ነው እንዴ?» አለች። (ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱን ብቻ ነው የሚነግረን፤ የዘመቻው ታሪክ ያለው ዮሴፍ የሚባለው የጥንት አይሁዳዊ ጸሐፊ ዘንድ ነው። አጎትሽ በየዓመቱ በዚህ ይከራከረኛል።)

የኛ አገር ሰው አልነበረም። ዉዲ ስትሮድ ይባላል፤ በ1914 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው የተወለደው። ስሙን የደረሰኝ ላይ ጽፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ፊልሞቹን እያደንኩ አየሁ፤ እናትሽ አንተና ያ ሰውዬህ ትለኛለች። በኋላ ሳጣራ በዚያው ፊልም ውስጥ የፈርዖንን ልጅ ከሚሸከሙት ባሪያዎች አንዱም እሱ ሆኖ አገኘሁት። በአንድ ፊልም ባሪያም ንጉሥም።

ከፊልም በፊት ስፖርተኛ ነበር። በ1939 ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ከጃኪ ሮቢንሰንና ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር በአንድ ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ተጫውቷል። ያኔ ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ጥቁር አያስገባም፤ ከ1934 እስከ 1945 አንድም አልነበረም። በ1946 ራምስ የሚባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደዚህ ሲመጣ ኮሊሲየም የሕዝብ ስታዲየም ነውና፣ ጥቁር ሳታሰልፉ አትጫወቱበትም ተባለ። ጥቁር ጋዜጠኞች ናቸው ነገሩን የገፉት። ዋሽንግተንና ስትሮድ ፈረሙ። ሮቢንሰን በትልቁ የቤዝቦል ሊግ የነበረውን የጥቁር ክልከላ ከመስበሩ አንድ ዓመት ቀድመው ማለት ነው፤ ሮቢንሰንን ዓለም ያውቀዋል፣ እነሱን ማን ያውቃቸዋል? ስትሮድ አንድ ሲዝን ብቻ አጫወቱትና አሰናበቱት። በኋላ ያንን ጊዜ ሲያነሳ የሚኮራበት እንዳይመስልሽ፤ በሕይወቴ ዝቅ ያልኩበት ወቅት ነበር ነው ያለው። ካናዳ ሄዶ ከካልጋሪ ጋር በ1948 ዋንጫ በላ። ከዚያ ሬስሊንግ። ፊልም ጎን ለጎን ነበር፤ ጫካ ውስጥ ጦር ይዞ መቆም ዓይነት። አንዳንዱን ማየት ያሳፍራል፣ እውነቱን ልንገርሽ። በኋላም ቢሆን አንዴ የኮማንቼ ቀይ ሕንድ፣ አንዴ የሞንጎል ተዋጊ አድርገውታል። ጠየም ያለ ሰው ሲጠፋ «ዉዲን ጥሩት» ነው ነገሩ።

በ1960 ግን «ስፓርታከስ» መጣ። ይህንን ቁጭ ብለሽ እዪው፤ እኔ አምስቴ አይቼዋለሁ። ስትሮድ ድራባ የሚባል ግላዲያተር ነው፤ ለሮማውያን መዝናኛ እስከ ሞት የሚጋጠም ባሪያ። ስፓርታከስ ስሙን ሲጠይቀው አይነግረውም። ነገ ግደለው ቢሉኝስ ነው ሐሳቡ። ከዚያ ከሮም የመጡ ሹማምንት ለጨዋታ ያህል ሁለቱን ያጋጥሟቸዋል። ከመግባታቸው በፊት ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ውጭ ሌሎች ሁለት እየተጋደሉ ነው። እዚህ ውስጥ አንድ ቃል የለም። ካሜራው አንዴ ስፓርታከስን የሚሠራውን ኪርክ ዳግላስን፣ አንዴ ስትሮድን ያሳያል። ዳግላስ የፊልሙ ባለቤት ነው፣ ስሙ ከላይ ነው የተጻፈው፤ እኔ ግን የማየው ያኛውን ነው።

ስትሮድ መረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ይዞ ይገባል። ያሸንፋል። ጦሩን ጉሮሮው ላይ ይደቅንበታል። ከላይ ግደለው ይሉታል። ቆመ። ከዚያ ዞር ብሎ ጦሩን ወደ ሹማምንቱ ወረወረና ግድግዳውን መውጣት ጀመረ። ከኋላው ወጉት፤ ከሹማምንቱ አንዱ ክራሰስ በጩቤ ጨረሰው። አለቀ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከሆነ ፊልም የእሱ ድርሻ ጥቂት ደቂቃ ነው። ያኔ ዕድሜው አርባ አምስት ገደማ ነበር። ለጎልደን ግሎብ በረዳት ተዋናይነት የታጨው በዚያች ነው።

በዚያው ዓመት ጆን ፎርድ «ሳርጀንት ራትሌጅ» የሚል ፊልም ሠራ። ራትሌጅ ራሱ ስትሮድ ነው፤ ባልሠራው ወንጀል የሚከሰስ ጥቁር ወታደር። ርዕሱ በእሱ ተጠርቶ በተዋንያን ዝርዝር ስሙ አራተኛ ላይ ነው የሚወጣው! እኔ ይሄ ያበሳጨኛል። በ1962 ደግሞ በዚያው በፎርድ ሌላ ፊልም ውስጥ ፖምፔ የሚባል ሠራተኛ ሆኗል። ጂሚ ስቱዋርት ትምህርት ያስተምራል፤ ፖምፔ ተነሥቶ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበትን አዋጅ በቃሉ ሲል «ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። መምህሩ ግድ የለም ፖምፔ፣ ያችን ብዙ ሰው ይረሳታል ይለዋል። ትንሽ ቦታ ናት፤ ከፊልሙ እኔ የማስታውሰው እሷን ነው።

ሌላም አለ። ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1968 በሠራው የካውቦይ ፊልም መክፈቻ ላይ ሦስት ነፍሰ ገዳዮች ባቡር ይጠብቃሉ። ስትሮድ አንደኛው ነው። አንድ ቦታ ሄዶ ይቆማል። ከላይ ውኃ ጠብ ይላል፤ መላጣው ላይ። ቀና ብሎ ያያል። አይነቃነቅም። ባርኔጣውን ይደፋል። ጠብ። ጠብ። ባቡሩ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ጠርዙ ላይ የተጠራቀመችውን ውኃ ይጠጣታል። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ ፊልሙ ገና ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀረዋል። ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲጥል የፓርኪንጉ ጣሪያ ያንጠባጥብ ነበርና ሞከርኩት፤ እሱ እንዳደረገው ከሥሩ ቆምኩ። አምስተኛዋ ጠብታ ላይ አንገቴን ሰብቄ ሮጥኩ። አለመንቀሳቀስ ከባድ ሥራ ነው ለካ።

እንዲህ እያለ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ሠራ። በ1994 የመጨረሻዋ ቀን፣ ዲሴምበር 31 ዐረፈ። የመጨረሻ ፊልሙ በተከታዩ ዓመት ወጣ። በዚያው በ1995 የአሻንጉሊቶቹ ፊልም «ቶይ ስቶሪ» ወጣ፤ ካውቦዩ ዉዲ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰውዬ ነው። አንድ እግሩን ውሻ የበላበት ዉዲሽ አሁንም ጓዳ ካርቶን ውስጥ አለ። እናትሽ ልትጥለው ነበር፤ አስጣልኳት።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ለዚህም ነው በደብዳቤ የመጣሁት። ማኅበር ላይ ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ስንት ዓመት «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» እያልኩ ስዋሽ ኖርኩ። የሐኪም ልጅ፣ የኢንጂነር ልጅ በሚቆጠርበት ቤት፣ ትወና ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ። ያሳፈረኝ ሥራሽ ሳይሆን ጥያቄያቸው ነበር፤ ምን ላይ አየናት ቢሉኝ ምን ልበል? አንቺ ይህንን አታውቂም ነበር። እናትሽ ታውቃለች፤ ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ይቅር በዪኝ።

የሚተላለፍበትን ቀንና ሰዓት እንደነገሩሽ ወዲያው ላኪልኝ፤ ፈረቃ መቀየር ቀደም ብዬ መጠየቅ አለብኝ። የማኅበሩን ሰዎች ቤት ልጠራቸው ነው፣ እናትሽ ድፎ ትደፋለች። ብቅ ስትዪ ይኸው፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው አላልኳችሁም ወይ እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ሁለቱ መስመሮች ምን እንደሚሉም ጻፊልኝ።

አባትሽ